በወሊድ የሞቱት ሴቶች

ከሁሉ በፊት ፈሪ መሆኔ ይታወቅልኝ። ይህን የማስቀድመው ኋላ ላይ «እንዴት ያለች ጎበዝ ናት!» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። በደብረ ማርቆስ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቁጡ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ቁጣ ለፈሪ ሰው ጥሩ ካፖርት ነው፤ ከላይ ሲደርቡት ከውስጥ የሚንቀጠቀጠው አይታይም።

ፍርሃቴ የጀመረው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በክረምት ክረምት እማር ነበር። የክረምት ትምህርት የተማረ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መምህሩ ይጮሃል፣ እኛ ደግሞ ግማሹን ሰምተን ግማሹን ገምተን እንጽፋለን። በዚያ ቀን ግን ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ባልሰማሁ ብዬ የተመኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች አሰመረና መሐላቸውን በመዳፉ ጠረገው። «ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው» አለ። «አንዱ ክር ቢጎዳ ሌላው አለ፤ ከእሱ አይቶ ይጠገናል። ሁለቱም አንድ ላይ ሲበጠሱ ግን ሕዋሱ ጭንቅ ውስጥ ይገባል። ይህ ደግሞ አንዳንዴ የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አሁን ተቀምጣችሁ ስትሰሙኝ በሰውነታችሁ ውስጥ እየሆነ ነው።» ከፊቴ የተቀመጠው፣ እንደኛው ሊማር የመጣ የሂሳብ መምህር ክንዱን አገላብጦ አየ። ሳቅን።

ሕዋሱ ሁለት መንገድ አለው ብሎ ቀጠለ። አንደኛው የተበጠሱትን ጫፎች ይዞ ዝም ብሎ ማገናኘት ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሲበጠስ የጠፋ ፊደል ካለ ጠፍቶ ይቀራል። ሁለተኛው ጊዜ የሚወስድ ነው። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን በሙሉ ይገለብጣል፤ ስለዚህ ከተበጠሰው አጠገብ ልክ እሱን የመሰለ እህት ቅጂ አለ። የተበጠሰው ጫፍ ተሸልቶ አንዱ ክር ብቻውን እንዲንጠለጠል ይደረጋል። በዚያ በተንጠለጠለው ክር ላይ ራድ ሃምሳ አንድ የሚባል ፕሮቲን አንዱ ካንዱ እየተያያዘ ይደረደራል፤ ክሩን ይዞ ወደ እህቲቱ ይሄዳል፣ ተመሳሳዩን ቦታ ይፈልጋል፣ ከፍቶ ይገባል። ከዚያ የጠፋው ከእህቲቱ ላይ እየተነበበ ይጻፋል። ሪኮምቢኔሽን ማለት ይኸው ነው።

«ግን ራድ ብቻውን ቦታው ላይ አይወጣም» አለ መምህሩ። «ክሩን ሌሎች ፕሮቲኖች ቀድመው ይሸፍኑታል። ራድን እጁን ይዞ ወስዶ፣ እነዚያን አስለቅቆ የሚያስቀምጠው ሌላ ትልቅ ፕሮቲን አለ፤ ብራካ ሁለት ይባላል። እሱ ከሌለ ራድ ቢትረፈረፍ እንኳን ሥራ ፈት ነው። ሕዋሱም ቸኩሎ ወደ ማገናኘት ይሄዳል፤ ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል።» ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን እያራገፈ እንደ ቀላል ነገር ጨመረበት፤ «ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል አንዱ ቅጂ ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ቤተሰቦች አሉ። በእነሱ ቤት የጡት ካንሰር ይበዛል፤ ሴቶቹ በጉብዝናቸው ይሞታሉ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ የአባቴ ታናሽ እህት። የሞተችው ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ደረቷ ላይ ጨርቅ ይዛ ነበር የምትቀመጠው። ጨርቁ ይለወጣል፣ ሽታው ግን አይለወጥም። ሁለት ክረምት ጸበል ቆይታ መጥታ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ አረፈች። ለቅሶ ላይ የመጣ ሁሉ «በምን ሞተች?» ሲል ትልልቆቹ «በወሊድ» ይሉ ነበር። አክስቴ አልወለደችም። ይህን አውቃለሁ። ልጅ ስለነበርኩ ግን ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁት ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ ዝም አልኩ።

እዚያው ክፍል ውስጥ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ። አክስቴ የአባቴ ወገን ናት፤ የጡት ነገር ደግሞ የእናት ጣጣ ነው፤ የእናቴ ወገኖች እንደሆነ ዘጠና ሲገቡ እንኳን ገበያ አይቀሩም። እናቴን ራሷን የወሰዳት ወባ ነው፤ ወባ በአደባባይ ስሙ የሚጠራ በሽታ ነው። ይህን ሁሉ አስቤ ሳልጨርስ የሂሳብ መምህሩ እጁን አወጣ። «በእናት በኩል ብቻ ነው የሚመጣው?»

«በአባትም እኩል ነው» አለ መምህሩ። «አባትየው ሳይታመም ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሳንቲም እንደ መጣል ነው፤ ዘውድ ወይ ጎፈር።»

ምን አደረግሁ? ምንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም። አንዲት አክስት ዘር አትሆንም እያልኩ ኖርኩ። ክፍል ውስጥ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡ» ብዬ አልፍ ነበር። ጎበዝ ተማሪዎች ጥያቄ ሲጠይቁኝ እቆጣለሁ። እንዲህ ያለች መምህር ነበርኩ።

እንድጠይቅ ያስገደደኝ የታናሽ እህቴ መታጨት ነው። እህቴ ሮብ ገበያ አጠገብ ከአባታችን ጋር እየኖረች የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን ታስተምራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። የፈለጋት ልጅ የቁይ ሰው ነው፤ ደግ ልጅ ይመስላል። በአገራችን ቀለበት ከመታሰቡ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዘመድ ለዘመድ እንዳይጋባ። በዚያውም ቁምጥና ያለበት፣ እብደት ያለበት፣ ሌላም ሌላም ነገር የሚወራበት ዘር መሆኑ ይጣራል። አባቴ በዚህ ቆጠራ የታወቀ ነበር። መሪጌታ ነው፣ ብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ነው፤ የራሱን ቀርቶ የጎረቤቱን ሁሉ ዘር በቃሉ ይዟል። ሰው የገዛ አያቱ ሲጠፋበት የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። ቆጠራው በሁዳዴ ለአንድ እሑድ ተቀጠረ፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ለማገዝ ከደብረ ማርቆስ ወደ እነሱ ሄድኩ።

አባቴን ያገኘሁት በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ብራና ሲጠግን ነው። የደብሩ መጽሐፍ አንዱ ቅጠል እርጥበት በልቶት ለሁለት ተገምሷል። አጠገቡ ከጎረቤት ደብር በአደራ ያስመጣው ሌላ ቅጂ በዚያው ገጽ ላይ ተከፍቶ ነበር። ሰላም ብዬው ጉልበቱን ሳምኩና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ድፍረቴ እንዳይበርድ ቶሎ ጠየቅኩት።

«አባባ፣ እናትዎ በምን ነበር የሞቱት?»

«በወሊድ» አለኝ፣ ከብራናው ቀና ሳይል።

«የእናትዎ እህትስ?»

«እሷም በወሊድ።»

«አክስቴስ?»

«በወሊድ ነው እንጂ። ምነው ዛሬ የሙታን ምርመራ ላይ ነሽ?»

«እናትዎ ሲሞቱ እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ቅኔ ቤት ነበርኩ። ሃያ ሦስት ቢሆነኝ ነው።»

«እርስዎ ስድስተኛ ልጅ ነዎት። ስለዚህ አያቴ በሃምሳ ዓመታቸው ወለዱ ማለት ነው?»

ብርዑን ቀለም ውስጥ ነከረ። ያኔ ያ ክፉ ቁጣዬ መጣ። «ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው አባባ? ሴቱ ሁሉ ሲወልድ የሚሞትበት፣ ሕፃኑ ግን አንድም ያልተገኘበት!»

ለአባቴ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ብርዑን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም። «ስሙን ምን ያደርግልሻል?» አለ ቀስ ብሎ። «ያ በሽታ የተጠራበት ቤት ሴት ልጅ አይዳርም። በወሊድ ስትይ ሰው ያለቅስና ይሄዳል፤ ሁለተኛ ጠያቂ የለም።» ለካ አያቴም፣ እህቷም፣ አክስቴም፣ ሁሉም በዚሁ በሽታ ነበር የሄዱት። የቤታችን ሰዎች ለሴት ልጆቻቸው ባል ሲሉ የሙታኑን አሟሟት ለውጠውታል። እኛም የተለወጠውን ተቀብለን ይዘናል።

እንግዲህ መምህር ነኝና አስረዳሁት። ከብራናው በቀር መሣሪያ ሳይኖረኝ። በሰውነት ውስጥ መጽሐፍ የሚመስል ነገር እንዳለ፣ እንደሚቀደድ፣ ፕሮቲኖች እንደሚጠግኑት ነገርኩት።

«ፕሮቲን ያቺ የጤና ባለሙያዋ ባቄላ ብሉ የምትለን አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«እሱም ነው፤ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ሠራተኞች ናቸው።»

«እሺ ሠራተኞች ይሁኑ። እንዴት ነው የሚጠግኑት?»

«አንዱ መንገድ ጫፍና ጫፉን ይዞ ማገናኘት ነው።»

ሳቀ፤ የሙያ ሳቅ። «ሰፍቶ ማገናኘትማ ማንም ይችላል። ይኸው ጅማት፣ ይኸው ወስፌ። የጠፋውን ቃል ግን ጅማት አያመጣውም። ሌላውን ቅጂ አምጥተሽ ነው።»

ደነገጥኩ። መምህሬ በሰሌዳ ሙሉ የነገረንን አባቴ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። «እንደዚያው ነው የሚያደርጉት» አልኩት። «አጠገቡ እህት ቅጂ አለ። ራድ የሚባለው ሠራተኛ የተቀደደውን ጫፍ ይዞ በእህቲቱ ላይ ያንኑ ቦታ ይፈልጋል፤ አግኝቶ ያስነብባል። ራድን ወደ ሥራው የሚያደርሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ብራካ ይሉታል።»

«ብራካ ካልመጣስ?»

«ራድ አይሰለፍም። ቸኩሎ መስፋት ብቻ ይቀራል። ስህተቱ ይበዛል፤ ሕዋሱም ስህተቱን ይዞ ይባዛል፤ እያደር ያ በሽታ ይሆናል። በእኛ ቤት ይህ ብራካ የሚሠራበት ትእዛዝ የተበላሸ ይመስለኛል አባባ። ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ደኅና ነውና ለብዙ ጊዜ ይሠራል። አንድ ቀን በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ያ ደኅናው ሲጠፋ ነው ጣጣው። ይህ ደግሞ በወንድም በኩል ይወርዳል።»

አባቴ የተገመሰውን ቅጠል ለረጅም ጊዜ አየው። «በወንድ በኩል ይወርዳል» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ራሱን ወንዱንስ ይይዛል?»

ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠይቀኝ እንደምመልሰው መለስኩ። «አልፎ አልፎ። ብዙ አይደለም፤ ግን ይህ ብልሽት ያለበት ወንድ የጡት ካንሰር ሊይዘው ይችላል።» ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የጠየቀኝ ሰው ማን እንደሆነ ያየሁት። ግራ ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቆ ነበር የተቀመጠው። ጠዋት ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ነበር። ከገና ጀምሮም እንደዚያ ነበር፤ ብርድ መስሎኝ «ጋቢዎን ይደርቡ» ስለው ከርሜያለሁ።

ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ሸሚዙን ከፈተ። የግራ ጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዙሪያው ጠንክሮ ቆዳው ተጨማዷል፤ ከሥሩ የተከፈተ ቁስል አለ። ላዩ ላይ ከጸበሉ ቦታ የመጣ እመት፣ የተባረከ አመድ፣ ተለጥፎበት ደርቋል። ያንን ሽታ አወቅሁት። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«መቼ ነው የጀመረዎ?» ያልኩት ይመስለኛል።

«የወንድ ጡት ይታመማል ብዬ ለማን ልናገር? መሳቂያ ልሁን?» አለና ሸሚዙን ቆለፈ። «ዓመት አልፎታል።»

«ሰኞ አዲስ አበባ እንሄዳለን።»

«ሰርጉ ይለፍ። ልጅቷን ላስይዛት። ይህ ከተሰማ ማን ይወስዳታል? አንቺም አፍሽን ያዢ።»

እኔም እሺ አልኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም እሺ ብያለሁ። ፋሲካ ሊደርስ ስንት ሳምንት እንደቀረው፣ ያ ቁስል በስንት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ ቢኖር እኔ ነበርኩ። እሺ ስል ደግሞ ደረቴን ቀለል አለኝ። ፈሪ ሰው ቀጠሮ ይወዳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። በእኛ ወገን ሁለት፣ ከቁይ አራት። እኔና እህቴ ጓዳ ሆነን በግድግዳው ስንጥቅ እንሰማ ነበር፤ ሙሽራ የምትሆን ልጅ በዚያ ቀን አትታይም። እነሱ ጠላ ተቀዳላቸው፤ እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። እህቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ገርጥቶ ነበር። የሙሽራ ፍርሃት ነው አልኩ።

የቁዮቹ ቀድመው ቆጠሩ። ቀጥሎ አባቴ ጀመረ። ድምፁ ሲቆጥር ያምራል፤ አባት በአባት ላይ፣ እናት በእናት ላይ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን የት እንደተዳረ፣ አንድ ጊዜ እንኳን ሳይደናቀፍ። ሰባት ቤት ሞላ፤ ዘመድ አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እፎይ አልኩ። ያኔ የልጁ አጎት፣ ጠንቃቃ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንዶቹ ዕድሜ ጠግበዋል፤ ሴቶቹ ግን በአጭር በአጭሩ የቀሩ መሰለኝ። በምን ይሆን?»

አባቴ እስኪመልስ በጓዳው ውስጥ፣ እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሯ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ «በወሊድ ይበሉ፤ በወሊድ ይበሉ» እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከልቤ ነበር የምጸልየው።

«እስከ ትናንት በወሊድ እል ነበር» አለ አባቴ። «ውሸቴን ነው። አባቴ እንደዚያ በል አለኝ፤ አልኩ። እናቴን የገደላት የጡት ቁስል ነው። እህቷንም እሱ ነው፤ እህቴንም እሱ ነው። እኔንም ይዞኛል፤ ይኸው ደረቴ ላይ አለ። ትናንት ልጄ በዘር የሚወርድ መሆኑን ነገረችኝ። ስህተት መሆኑን ሳላውቅ የገለበጥኩት ይቅር ይባልልኝ ይሆናል፤ እያወቅሁ ግን ለልጅ ልጅ አልገለብጥም። ከዚህ ወዲያ ልጄን ብትወስዱም፣ ብትተዉም አውቃችሁ ነው።»

አንድም ዋንጫ አልተነሳም። ኋላ ላይ የልጁ አጎት «እንግዲህ ተመካክረን እንመለሳለን» አለ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ አይመለስም፤ አልተመለሱምም። ልጁ ሁለት ጊዜ ስልክ ደወለ፤ ሦስተኛ አልደገመም።

እኔ ግን የአጎትየውን ንግግር የሰማሁት በግማሽ ጆሮዬ ነው። እህቴ ከበርጩማዋ ተነስታ ወደ እኔ መጥታ ነበር። ታለቅሳለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ሰርጓን ያፈረስኩት እኔ ነኝና። እሷ ግን ቀኝ እጄን ያዘች። የእሷ እጅ በረዶ ነበር። በነጠላዋ ውስጥ አስገብታ፣ ቀሚሷን አልፋ፣ ከጡቷ በላይ ወደ ብብቷ አቅጣጫ አስቀመጠችው፤ ከላይ በራሷ መዳፍ ተጫነችው።

የአተር ታክል ነበር። ደረቅ። ስገፋው አልሄደም።

«ከጥምቀት ወዲህ ነው እታለም» አለች በሹክሹክታ። «ሰርጉ ሲያልፍ ልነግርሽ ነበር።»

እጄን ከዚያ ቦታ ማንሳት አቃተኝ። ከግድግዳው ማዶ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እያራገፉ ይነሳሉ፤ አባቴ «ደኅና ግቡ» ይላል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ያን ጊዜ «በወሊድ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ልክ እኔ እንደጸለይኩት ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ይህች ልጅ ይህን ይዛ ትዳር ነበር፤ ከዓመት በኋላ ወይ ከሁለት ዓመት በኋላ እኔው ራሴ ለቅሶ ላይ ቆሜ ለጠያቂ መልስ እሰጥ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። አባይ በረሃን ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ጠመዝማዛውን እየፈራ ያማትብ ነበር፤ እኛ ገደሉን አላየነውም። የእህቴን ሕክምና እሷ ትናገር፤ አፍ አላት፤ ዛሬም በየሳምንቱ ትጣላኛለች። አባቴ ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ዓመት ነው። እኔን ደግሞ ሐኪሞቹ እጃቸውንም መሣሪያቸውንም አሳርፈው ምንም የለም አሉኝ፤ ዘረ መሉን የሚያሳይ ምርመራ ግን በአቅራቢያችን አልነበረም። ስለዚህ ጎፈር ይሁን ዘውድ አላውቅም። እስካሁን ደኅና ነኝ። «እስካሁን» የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ የሚያውቅ ያውቃል።

ስለ ሆስፒታሉ የማልተወው አንድ ነገር ብቻ አለ። ተራ ስንጠብቅ ቆይተን አንዲት ወጣት ሐኪም ሦስታችንንም በአንድ ላይ አስገባችን። የአባቴን ካርድ ከላይ አድርጋ፣ የእህቴን ከሥር፣ ወረቀት አውጥታ መጠየቅ ጀመረች።

«በቤተሰብ ውስጥ ይህ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?»

አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀደመኝ። ጥምጥሙን አስተካክሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዘር ሊቆጥር ሲል እንደሚቀመጠው ነበር የተቀመጠው።

«አለ።»

«በእናት በኩል ነው አባቴ?»

«የለም፤ በእኔ በኩል ነው። እናቴ፣ የእናቴ እህት፣ እህቴ። ቀጥሎ እኔ።»

«በምን ሞቱ?»

አባቴ ወደ እህቴ አየ። ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታይ ነበር። «በጡት ካንሰር» አለ። ያንን ስም ካፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሐኪሟ ጽፋ ስትጨርስ ወደ አልጋው እያመለከተች «እንግዲህ ይነሱ፤ ሸሚዝዎን ያውልቁልኝ» አለችው። አባቴ ከቦታው አልተነሳም። እጁን ዘርግቶ ካርዶቹን አነሳና የእህቴን ከላይ፣ የራሱን ከሥር አደረገ።

«እሷን አስቀድሚ ልጄ» አላት። «እኔ ስደብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መጠበቅ እችላለሁ።»